«ቬሪ» እና «ቱ» ለየቅል ናቸው

አንባቢያችን የላከችው ደብዳቤ አጠር ተደርጎ እነሆ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በእንግሊዝኛ መጻጻፍና በቪዲዮ መሰብሰብ አለበት። ሰዋስው ላይ ክፉ አይደለሁም። የሚያስቸግሩኝ ‹በጣም›፣ ‹ትንሽ›፣ ‹በቂ› የሚሉት ዓይነት ቃላት ናቸው። ባለፈው የቡድን መሪያችን ያዘጋጀውን ዕቅድ አንብቤ ‹ዘ ፕላን ኢዝ ቱ ጉድ› ብዬ ጻፍኩለት። ምን ችግር አየሽበት ብሎ መለሰልኝ! ከዚያ ደግሞ የእኔን ሪፖርት አንዲት እንግሊዛዊት ባልደረባዬ ‹ኳይት ጉድ› አለችው። አሜሪካዊው ባልደረባችንም ያንኑ ቃል ተጠቀመ። እሱ በደንብ እያመሰገነኝ ነበር፣ እሷ ግን ቀዝቀዝ ያለች መሰለኝ። ጓደኛዬ እነዚህን ቃላት ተያቸውና ‹ቬሪ›ን ብቻ ያዢ ይለኛል። ልተዋቸው? ወይስ ዝርዝር አውጥቼ ልሸምድድ? እባክዎ ይምከሩኝ። — በጣም ግራ የገባት»

እህቴ፣ አትተያቸው። ዝርዝር አውጥቶ መሸምደዱም ይቅርብሽ። ጓደኛሽ ላንቺ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን «ቬሪ»ን ብቻ ይዞ መሄድ አያዛልቅም። እነዚህ ቃላት መጠን ብቻ የሚናገሩ ቢሆኑ ኖሮ በአንዱ መብቃቃት ይቻል ነበር። እነሱ ግን መጠኑን ሲናገሩ የተናጋሪውን ስሜትም አብረው ያወጡታል። ወዶታል? ሰግቷል? ቅር ብሎታል? ወይስ እንዳይቀየሙት እያለዘበ ነው? ይሄ ሁሉ አንዲት ትንሽ ቃል ውስጥ ይገባል። አንቺን የቸገረሽም ሰዋስው አይደለም፣ ቃሉ የተሸከመውን ስሜት የነገረሽ ሰው አለመኖሩ ነው።

ከ«ቱ» እንጀምር፣ ከሁሉም ብዙ ጣጣ የሚያመጣው እሱ ነው። የእኛ «በጣም» ገር ቃል ነው፣ የትም ይገባል። «በጣም ሞቋል» ብለሽ ልትደሰቺም ልታማርሪም ትችያለሽ፣ ሰሚው ከፊትሽ ወይም ከሚቀጥለው ንግግርሽ ይረዳሻል። እንግሊዝኛ ግን እዚያው ምረጪ ይልሻል። «ቬሪ ሆት» ካልሽ ሙቀቱ ብዙ ነው፣ አለቀ። «ቱ ሆት» ካልሽ ግን ሙቀቱ ከልክ አልፏል፣ አስቸግሮሻል፣ አንድ ነገር ይደረግልኝ እያልሽ ነው። ስለዚህ «ቱ» ማለት «በጣም» ሳይሆን «ከልክ በላይ» ነው። የቡድን መሪሽ ምን ችግር አየሽበት ማለቱ ትክክል ነበር። እሱ ያነበበው «ዕቅዱ ጥሩነቱ አልበዛም ወይ፣ እውነት አይመስልም» የሚል ጥርጣሬ ነው። «ቬሪ ጉድ» ወይም «ሪሊ ጉድ» ብትዪው ኖሮ አመስግኖሽ ያልፍ ነበር።

ስትጠራጠሪ እንዲህ ሞክሪው። ዓረፍተ ነገርሽ መጨረሻ ላይ በልብሽ «ስለዚህ አልቻልኩም» ወይም «ስለዚህ አይሆንም» ብለሽ ጨምሪበት። ሻንጣው ከብዷል፣ ስለዚህ ልሸከመው አልቻልኩም። ያስኬዳል፣ እንግዲያው «ቱ ሄቪ» ነው። ደስ ብሎኛል፣ ስለዚህ አይሆንም። ይሄ ምንም ስሜት አይሰጥም፣ እንግዲያው «አይ አም ቱ ሃፒ» አትዪም፣ «አይ አም ሶ ሃፒ» ወይም «ቬሪ ሃፒ» ነው። «ቴንክ ዩ ቱ ማች»ም እንደዚያው ነው፣ «ቴንክ ዩ ቬሪ ማች» ወይም «ሶ ማች» በዪ። ልዩ አባባሎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ለምሳሌ «ዩ አር ቱ ካይንድ» የሚለው «ደግነትዎ በዛብኝ» ዓይነት የአክብሮት ምስጋና ነው፣ «ኖት ቱ ባድ» ደግሞ «ደህና ነው፣ አይከፋም» ነው። እነሱን እንዳሉ ያዣቸው። ብዛቱን ማክረር ስትፈልጊ ደግሞ «ቬሪ ቱ» የሚባል ነገር የለም፤ «ፋር ቱ» ወይም «ማች ቱ» ይባላል፣ በወሬ ላይ «ዌይ ቱ»።

ሁለተኛው ጣጣ «ቬሪ» ከግስ ጋር አለመስማማቱ ነው። በአማርኛ «በጣም እወደዋለሁ» ስንል «በጣም» ግሱ ፊት ይቀመጣል፣ ምንም አያስቸግርም። ያንን ይዘን ስንሄድ «አይ ቬሪ ላይክ ኢት» ይወጣል። አይባልም። «ቬሪ» የሚሄደው ከቅጽልና ከሌሎች ተውሳከ ግሶች ጋር ነው። ግስ ፊት «ሪሊ»ን አስገቢ፣ «አይ ሪሊ ላይክ ኢት» ይሆናል። ካልሆነ «ቬሪ ማች»ን ወደ መጨረሻው ውሰጂው፣ «አይ ላይክ ኢት ቬሪ ማች»። ብቻ ግሱና የሚወደደው ነገር መሐል አትሰንቅሪው። «አይ ላይክ ቬሪ ማች ዩር አይዲያ» የሚለው ስህተት የብዙ አገር ሰዎች ስህተት ነው፣ የአማርኛ ተናጋሪ ብቻ አይደለም።

«በጣም ይሻላል»ም ያው ነው፣ «ቬሪ ቤተር» ያስብለናል። ማወዳደሪያ ቃል ፊት «ቬሪ» አይቆምም። «ማች ቤተር»፣ «ፋር ቤተር»፣ ቀለል ባለ ንግግር «ኤ ሎት ቤተር» ነው የሚባለው፣ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ «ኤ ቢት ቤተር» ወይም «ስላይትሊ ቤተር»።

ግስ ካነሳን አይቀር፣ እያንዳንዱ ግስ የሚስማማው አጉሊ ቃል አለው፣ ይሄን ደግሞ ደንብ አይነግርሽም። ሰው አጥብቀሽ ስትመክሪ «ሃይሊ ሬኮመንድ» ወይም «ስትሮንግሊ ሬኮመንድ» ነው። ከልብ ስታዝኚ «ዲፕሊ ሪግሬት»። ሙሉ በሙሉ ስትስማሚ «ኮምፕሊትሊ አግሪ» ወይም «ቶታሊ አግሪ»። አንድ ነገር ክፉኛ ሲያስፈልግሽ «ባድሊ ኒድ»፣ እዚህ ላይ «ባድሊ» መጥፎ ማለት አይደለም፣ ልክ እንደ እኛው «ክፉኛ» ክፋት ሳይሆን ብርታት ነው የሚናገረው። ቃሉን ከነባልንጀራው ካልያዝሽው ለብቻው ብዙ አይጠቅምሽም። ዝርዝር መሸምደድ ይቅርብሽ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ «ፍሪዚንግ» የሚለውን ቃል ውሰጂ። በውስጡ «በጣም ቀዝቃዛ» የሚለው አብሮ አለ። ስለዚህ «ቬሪ ፍሪዚንግ» ስትዪ «በጣም በጣም ቀዝቃዛ» ያልሽ ይመስልሻል፣ ለሰሚው ግን ይጎረብጠዋል። «ሂውጅ» (ግዙፍ)፣ «ኤግዞስትድ» (በድካም የዛለ)፣ «ስታርቪንግ» (በረሃብ የሞተ)፣ «ቴሪፋይድ» (በፍርሃት የራደ)፣ «ፐርፌክት» (እንከን የሌለው)፣ «ኢምፖሲብል» (የማይቻል) ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው፣ ጫፍ ላይ የደረሱ ቃላት። ለእነሱ «አብሶሉትሊ» ነው የሚስማማው። «አብሶሉትሊ ሂውጅ»፣ «አብሶሉትሊ ፐርፌክት»። በተቃራኒው «አብሶሉትሊ ታየርድ» ወይም «አብሶሉትሊ ቢግ» አያምርም፣ ምክንያቱም ድካምና ትልቅነት ደረጃ አላቸው፣ ጫፍ ላይ አልደረሱም።

«ኮምፕሊትሊ» እና «ቶታሊ»ስ? እነሱ የሚወዱት እስከ መጨረሻው የሚደርስ፣ የሚሞላ ወይም የሚያልቅ ነገር ነው። ኃይልሽ ተሟጦ ሊያልቅ ስለሚችል «ኮምፕሊትሊ ኤግዞስትድ» ያስኬዳል፣ «ኮምፕሊትሊ ኢምፖሲብል»ም እንዲሁ። ትልቅነት ግን ማለቂያ የለውምና «ኮምፕሊትሊ ሂውጅ» የሚል ሰው አትሰሚም። ይሄ ሁሉ ከበዛብሽ «ሪሊ» ትገላግልሻለች፣ በሁለቱም ወገን ትገባለች፦ «ሪሊ ታየርድ»፣ «ሪሊ ኤግዞስትድ»፣ «ሪሊ ላይክ»። አንድ ቃል ብቻ ያዢ ብባል ከ«ቬሪ» ይልቅ እሷን ነበር የምሰጥሽ። ለሥራ ደብዳቤ ትንሽ የወሬ ጠረን አላት፣ ግን ማንንም አታስቀይምም።

አሁን ወደ «ኳይት»። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግራ መጋባትሽ ተገቢ ነው፣ አፍ የፈቱበት ሰዎችም እርስ በርስ ይጋጩበታል። አሜሪካዊ «ኳይት ጉድ» ሲል በአብዛኛው «በጣም ጥሩ» ማለቱ ነው። እንግሊዛዊ ሲል ግን ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» ማለቱ ነው፣ እና ይሄ «ደህና» ምን ያህል እንደሞቀ የሚታወቀው በድምፁ ነው። «ኳይት» የሚለው ላይ ጫን ካለ የሆነ «ግን» አለበት፣ ሳይናገረው የያዘው ነገር አለ። «ጉድ» የሚለው ላይ ጫን ካለ ግን ምስጋናው የምር ነው። ስለዚህ ባልደረባሽ የትኛው ቃል ላይ ጫን እንዳለች ለማስታወስ ሞክሪ። ካላስታወስሽ ደግሞ መጠየቅ ነውር የለውም፣ የቱን ክፍል ባሻሽለው ይበልጥ ይጠነክራል ብለሽ ብትጠይቂያት ያ «ግን» ካለ ይወጣል፣ ከሌለም የለም ትልሻለች።

በዚህ አያበቃም። «ኳይት» ጫፍ ከደረሰ ቅጽል ጋር ሲሆን ለእንግሊዛዊውም «ሙሉ በሙሉ» ይሆናል። «ኳይት ኢምፖሲብል» ማለት «ትንሽ አይቻልም» ሳይሆን «ፈጽሞ አይቻልም» ነው። «ዩ አር ኳይት ራይት» ሲልሽም ሙሉ በሙሉ ልክ ነሽ ማለቱ ነው። «ኖት ኳይት» ካለሽ ደግሞ «ተቃርበሻል፣ ግን አልደረስሽም»። «ኳይት ኤ ፊው» ከሁሉም የሚገርመው ነው፣ ጥቂት ይመስላል እንጂ «ብዙ» ማለት ነው። የእኔ ምክር ይሄን ሁሉ ስትሰሚ እንድትረጂው እንጂ ራስሽ ሰው ለማመስገን እንድትጠቀሚበት አይደለም። የሰው ሥራ ጥሩ ከሆነ «ቬሪ ጉድ» በዪና ሰውየውም ይደሰት፣ የድምፅ ምርመራ ውስጥ አይግባ።

«ፌርሊ»፣ «ፕሪቲ» እና «ራዘር» የ«ኳይት» ጎረቤቶች ናቸው። «ፌርሊ» ለብ ያለ ነው፣ «መጠነኛ»። «ፕሪቲ» ከእሱ ጠንከር ይላል፣ ግን የወሬ ቃል ስለሆነ በመደበኛ ሪፖርት ላይ አይገባም። «ራዘር» እንግሊዛውያን ዘንድ የተለመደ ሲሆን ከጠበቁት በላይ የሆነን ነገር ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም በቅሬታ በኩል ነው። ሪፖርትሽ «ራዘር ሎንግ» ነው ከተባለ አሳጥሪው።

ይሄ ደግሞ ሥራሽ ላይ በጣም የሚጠቅምሽ ነው፣ ስለዚህ በደንብ አንብቢው። «ኤ ቢት»፣ «ኤ ሊትል»፣ «ስላይትሊ» ትንሽነት የሚናገሩ ይመስላሉ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ ማለዘብ ነው። አንድ እንግሊዛዊ «አይ አም ኤ ቢት ዋሪድ» ብሎ ቢጽፍልሽ «ትንሽ ስጋት አለኝ» ብለሽ ተርጉመሽ እንዳታልፊው። በደንብ ሰግቶ ይሆናል፣ ላንቺ እንዳይከብድሽ ብሎ አለዝቦት ነው። «ኖት ቬሪ ክሊር»ም ቃል በቃል «በጣም ግልጽ አይደለም» ነው፣ በተግባር ግን «ግልጽ አይደለም፣ እንደገና ጻፊው» ማለት ነው። እኛም እኮ «ትንሽ ቸግሮኝ ነበር» ብለን የምንጀምረው ችግሩ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ይሄን ልማድ አንቺም መጠቀም ትችያለሽ። ቅሬታሽን «ኤ ቢት» ብለሽ ብታቀርቢው ጨዋ ትሆኛለሽ። ለጥሩ ነገር ግን አትጠቀሚበት፣ «ኤ ቢት ጉድ» አይባልም፣ «ኤ ቢት ናይስ»ም እንዲሁ። እነዚህ ቃላት የሚስማሙት ከሚያስቸግር ነገር ጋር ወይም ከማወዳደሪያ ጋር ነው።

«ሃርድሊ» የሚባለውን ሳልነግርሽ አላልፍም፣ በሁለት በኩል ያጠምዳል። መጀመሪያ፣ የ«ሃርድ» ዘመድ ይመስላል። «ሺ ወርክስ ሃርድ» ጠንክራ ትሠራለች ነው። «ሺ ሃርድሊ ወርክስ» ደግሞ እምብዛም አትሠራም። የባልደረባሽን ትጋት ለማመስገን ተነስተሽ ሰነፍ ብለሽ እንዳትመጪ። ሁለተኛው የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። «እምብዛም» በአማርኛ አፍራሽ ግስ ይፈልጋል፣ «እምብዛም አይመጣም» እንጂ «እምብዛም ይመጣል» አንልም። «ሃርድሊ» ግን አፍራሽነቱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ሂ ሃርድሊ ከምስ» ይበቃል፣ «ዳዝንት» ከጨመርሽበት ሁለት ጊዜ አፈረስሽው። «ባርሊ» እና «ስኬርስሊ»ም ደንባቸው ይሄው ነው። ከእነሱ በኋላ «ኤኒ» ይመጣል እንጂ «ኖ» አይመጣም፣ «ሃርድሊ ኤኒዋን» ነው፣ «ሃርድሊ ኖዋን» አይደለም።

«ለጥቂት» ወይም «ሊሆን ምንም አልቀረው» ለምንለው «ኦልሞስት» እና «ኒርሊ» አሉ፣ በአብዛኛው አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ብቻ «ኖዋን»፣ «ኔቨር»፣ «ናቲንግ» ፊት «ኦልሞስት»ን ብቻ ተጠቀሚ።

«ኢነፍ» ቦታው ነው የሚያሳስተው። ከስም ጋር ሲሆን እንደ እኛ «በቂ» ከፊት ይቀድማል፣ «ኢነፍ ታይም»። ከቅጽል ጋር ሲሆን ግን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ «ፋስት ኢነፍ»፣ «ጉድ ኢነፍ»። «ኢነፍ ፋስት» አይባልም። ደግሞ ልብ በዪ፣ የሰው ሥራ «ጉድ ኢነፍ» ነው ማለት «ለጉዳዩ ይበቃል» ማለት ነው፣ ምስጋና አድርገሽ ከላክሽው ቅር ሊያሰኝ ይችላል።

«ሶ» እና «ሰች» ደግሞ ስሙን ተመልክተሽ ነው የሚለዩት። ቅጽሉ ብቻውን ከሆነ «ሶ ጉድ»፣ ስም ከተከተለው «ሰች ኤ ጉድ አይዲያ»። «ሶ» ስሜት አለበት፣ ስትደሰቺ ወይም ስትናደጂ ይመጣል። ለጓደኛ ሲጻፍ ያምራል። ለሪፖርት «ቬሪ» ይሻላል።

«በጣም በጣም» ብሎ መደጋገም ለእኛ ያጠነክራል። በእንግሊዝኛ ንግግርም ይሰማል፣ «ቬሪ ቬሪ ጉድ» ይላሉ። በጽሑፍ ግን ብዙ ሲሆን የተጋነነ ይመስላልና ሦስት ቦታ «ቬሪ» ካየሽ ሁለቱን አውጪና አንብቢው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጎድለውም፣ እንዲያውም ይጠነክራል። «ኢምፖርታንት» ብቻውን ጠንካራ ቃል ነው። ወጣቶቹ የሚወዷት «ሱፐር»ም ለቻት ትሁን። አጉሊ ቃል ሲደጋገም ያልቃል፣ ለዚህም ነው በየጊዜው አዲስ የሚመጣው። «ቬሪ» ራሱ ከጥንቱ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ «እውነተኛ» ማለት ነበር፣ «ሪሊ»ም መነሻዋ «በእውነት» ነው፣ «ቴሪብሊ» ደግሞ ከሚያስፈራ ነገር ተነስታ ዛሬ «ቴሪብሊ ሶሪ» ተብላ ይቅርታ ይጠየቅባታል።

እንዴት ትለማመጃለሽ? ባልደረቦችሽ ከሚልኩልሽ መልእክት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቃል ስታገኚ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ማስታወሻሽ ላይ ገልብጪው። ከጎኑ በአማርኛ «ወዶታል»፣ «ቅር ብሎታል»፣ «አለዝቦታል» ብለሽ ጻፊ። ትርጉም አትጻፊ፣ ስሜቱን ብቻ። የጻፈው ሰው እንግሊዛዊ ይሁን አሜሪካዊ፣ ወይም እንዳንቺ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ይሁን አብረሽ መዝግቢ፣ በተለይ ለ«ኳይት» እና ለ«ራዘር» ይጠቅምሻል። ራስሽ ስትጽፊ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ቱ» የሚለውን ቃል ብቻ ተከታተይ። መልእክቱን ከመላክሽ በፊት ፈልጊውና «ስለዚህ አይሆንም»ን አስጠጊበት። እሱ ሲስተካከል ወደ «ኢነፍ» እና ወደ «ሃርድሊ» እለፊ፣ ሌላው እያነበብሽ ይገባሻል።

ከዚህ ሌላ የሚያደናግርሽ ዓረፍተ ነገር ካለ እንዳለ ገልብጠሽ ላኪልኝ። ማን እንደጻፈውና ስለ ምን ስትነጋገሩ እንደነበር ጨምሪበት፣ ያለዚያ ከበድ ያለውን ከለዘበው መለየት አይቻልም።